ኮምፒውተሩም ጌሙም የኪራይ ይሁን ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በቴክኖሎጂ ወዳጆች ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ አንብቤያለሁ። ጸሐፊው ኮምፒውተርን፣ ጌምንና ኢንተርኔትን ከልባቸው የሚወዱ ሰው እንደሆኑ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃሉ። ብዙ ወጣቶችም ሐሳባቸውን ተቀብለው ሲያጋሩት አይቻለሁና ዝም ብሎ ማለፉን አልወደድሁትም። ጽሑፉ አምስት ነገሮችን ይላል። ጌምን በዲስክም ሆነ በዳውንሎድ ገዝቶ ማስቀመጥ ጊዜው አልፎበታል፣ ወደፊት ሁሉም ሰው የሚጫወተው በክላውድ፣ ማለትም ሩቅ ባለ ሰርቨር ላይ በሚሠራ ጌም ነው ይላል። ዊንዶውስ 11 የማይቀበል ኮምፒውተር ከእንግዲህ ለቆሻሻ ነው፣ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተርን የሚያሠራው ነጻ ሲስተም ሊኑክስም የፕሮግራመሮች መጫወቻ እንጂ የተራ ሰው መሣሪያ አይደለም ይላል። ለድሮ ጌሞች መቆርቆር ከትዝታ ያለፈ ትርጉም የለውም ካለ በኋላ፣ በመጨረሻ ድረ ገጽ ሞቷል፣ ቴሌግራምና ፌስቡክ ሁሉንም ይዘውልናል፣ የጠፋውም ቢሆን የሚረባ አልነበረም ብሎ ይደመድማል።

በአምስቱም አልስማማም። ነጥቦቹ የተለያዩ ቢመስሉም ምንጫቸው አንድ እምነት ነው፤ ተጠቃሚው አገልግሎቱን እስካገኘ ድረስ የራሱ የሚለው ነገር ባይኖረውም ምንም አይጎድልበትም የሚል እምነት። እኔ ግን ኮምፒውተር ለሰው ሙሉ ጥቅም የሚሰጠው ተጠቃሚው በራሱ እጅ የሚያስቀምጠው፣ ሲበላሽ የሚጠግነውና ሲያስፈልገው የሚገለብጠው ነገር ሲኖረው ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጸሐፊው አጥብቀው የያዙት ነጥብ የክላውድ ጌም ነው። ሐሳቡን ሲሰሙት ያምራል፤ ውድ ግራፊክስ ካርድ መግዛት ሳያስፈልግ ጌሙ ሩቅ አገር ባለ ሰርቨር ላይ ይሠራል፣ ወደ ስክሪናችን የሚመጣው ምስሉ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ተሞክሮ ውጤቱም ታይቷል። ጉግል ስቴዲያ የተባለውን አገልግሎት በኖቬምበር 2019 ጀምሮ በጃንዋሪ 18 ቀን 2023 ዘግቶታል። በሰርቨር ብዛትና በገንዘብ አቅም ከማንም የማያንስ ኩባንያ ሆኖ አገልግሎቱን ያቆየው ለሦስት ዓመት ከጥቂት ወራት ነበር። ከራሱ መደብር ለተገዙት ጌሞችና ዕቃዎች ገንዘብ መልሷል፤ ለዚህ ሊመሰገን ይገባዋል። ገንዘቡ ቢመለስም ግን፣ በዚያ ሰዓት ጌሙን መጫወት የፈለገ ሰው ከሌላ መደብር እንደገና ከመግዛት በቀር አማራጭ አልነበረውም። ዲስክ የገዛ ሰው ሻጩ ሱቁን ስለዘጋ ብቻ ዲስኩን አያጣም።

ከዚህም በላይ ጸሐፊው ርቀትን ጨርሶ አላነሡትም። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት ቀጥታ ቢለካ እንኳ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እንግዲህ አዲስ አበባ የተቀመጠ ተጫዋች ጆይስቲኩን ሲጫን ትእዛዙ ፍራንክፈርት ደርሶ ምስሉ እስኪመለስ፣ ገመዱ ቀጥ ያለ ቢሆን እንኳ፣ ከ50 ሚሊሰከንድ ያላነሰ ጊዜ ያልፋል። በሰከንድ 60 ምስል የሚያሳይ ጌም እያንዳንዱን ምስል የሚያቆየው 17 ሚሊሰከንድ ያህል ስለሆነ፣ ተጫዋቹ ምንጊዜም ከሦስት ምስል ያህል ወደኋላ የቀረውን ነው የሚያየው። በእውነቱ ደግሞ ገመዱ ቀጥ ያለ አይደለም። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት ኢንተርኔቱ በጎረቤት አገሮች በኩል ወጥቶ የባሕር ገመድ ላይ ይሳፈራል፣ በየመንገዱ ያለው መሣሪያም የራሱን መዘግየት ይጨምራል። ይህን ቴክኖሎጂ እያደገ ሲሄድ ይፈታዋል ማለት አይቻልም፤ የብርሃንን ፍጥነት የሚያሻሽል ኩባንያ አይመጣም። መፍትሔው ሰርቨሩን ማቅረብ ብቻ ነው፣ ይህም ኩባንያው ገበያችንን ሲፈልገው የሚሆን እንጂ እኛ የምንወስነው አይደለም።

ወጪውንም እናስላ። ኤንቪዲያ የተባለው ኩባንያ ጂፎርስ ናው ለተባለው የክላውድ ጌም አገልግሎቱ በ1080ፒ ጥራት በሰከንድ 60 ምስል ለመጫወት 25 ሜጋቢት ፍጥነት ያስፈልጋል ይላል። ይህ ፍጥነት ሙሉ በሙሉ ጥቅም ላይ ከዋለ በአንድ ሰዓት ውስጥ 11 ጊጋባይት ገደማ ይበላል። ፓኬጅ እየገዛ በሞባይል ዳታ የሚጠቀም ተማሪ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት የሚጨርሰው ዳታ፣ ዳውንሎድ አድርጎ ቢያስቀምጠው ለዓመታት የሚጫወትበትን ጌም ያወርድለት ነበር። የተቀመጠው ጌም ደግሞ ኢንተርኔት ሲጠፋም ይሠራል። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለሦስት ሳምንታት ገደማ በአገር አቀፍ ደረጃ ኢንተርኔት የተቋረጠበትን ጊዜ የማያስታውስ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። በትግራይና በአማራ ክልሎች የሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ ከዚያ ወዲህ በወራትና በዓመታት የሚቆጠር መቋረጥ አይተዋል። በእነዚያ ጊዜያት የሠራው ኮምፒውተሩ ላይ የተጫነውና ፍላሽ ላይ የተቀመጠው ነገር ብቻ ነው። ለጌም ብቻ አይደለም፣ ለመማሪያ መጽሐፉም፣ ለቢሮ ሶፍትዌሩም እንዲሁ ነው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ትክክል የሆኑበትን አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ አግባብ አይሆንም። ዳውንሎድ የተደረገ ጌም ሁሉ የገዢው ንብረት ነው ማለት ዘበት እንደሆነ ጽፈዋል፤ እውነታቸውን ነው። ዩቢሶፍት በ2014 ያወጣው ዘ ክሩ የተባለ የመኪና ውድድር ጌም፣ ለብቻ የሚጫወቱት ታሪክ እያለው እንኳ ያለ ሰርቨር አይከፈትም ነበርና፣ ሰርቨሩ በማርች 31 ቀን 2024 ሲዘጋ ዲስኩን የገዛውም ዳውንሎድ ያደረገውም እኩል ባዶ እጁን ቀርቷል። ጸሐፊው ከዚህ ተነሥተው «ስለዚህ መግዛት የሚባል ነገር የለም፣ እንከራይ» ወደሚል መደምደሚያ መሄዳቸው ግን አልገባኝም። በአውሮፓ የነበሩ ተጫዋቾች ከዚያው ክስተት ተነሥተው የደረሱበት መደምደሚያ ሌላ ነው። ጌም የሸጠ ኩባንያ ሰርቨሩን ሲዘጋ ጌሙን መጫወት በሚቻልበት ሁኔታ ትቶ እንዲሄድ በሕግ ይገደድ ብለው ፊርማ ማሰባሰብ ጀመሩ፤ ለአውሮፓ ኅብረት ያቀረቡት ጥያቄም በጁላይ 2025 ከአንድ ሚሊዮን ፊርማ በላይ አግኝቷል። ካሊፎርኒያም ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ሻጮች የሚሰጡት ፈቃድ ብቻ ሆኖ ሳለ ይህን በግልጽ ሳይናገሩ «ግዛ» የሚል ቁልፍ እንዳያስቀምጡ የሚከለክል ሕግ ሥራ ላይ አውላለች። ጎግ የተባለው መደብርም ጌሞቹን መገልበጥ የሚከለክል መቆለፊያ ሳያደርግባቸው፣ የመጫኛ ፋይሉን ገልብጦ በየትኛውም ዲስክ ላይ ማስቀመጥ በሚቻልበት መንገድ ይሸጣል። ስለዚህ ምርጫው ኪራይን መቀበል ወይም ማልቀስ ብቻ አይደለም፤ በእውነት የሚሸጡ ሻጮች አሉ፣ እነርሱን መምረጥ ይቻላል።

ሁለተኛው ነጥብ የአሮጌ ኮምፒውተር ጉዳይ ነው፤ ከአምስቱ ለአገራችን አንባቢ በጣም የሚጎዳው ምክርም ይህ ይመስለኛል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 እንዳቆመ እውነት ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍል ስለሚጠይቅና ከኢንቴል በኩል በመሠረቱ ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያሉ ፕሮሰሰሮችን ስለማይቀበል፣ ከ2017 መጨረሻ በፊት የተሠሩ ላፕቶፖች አብዛኞቹ ከደጅ ቀርተዋል። ድጋፍ በሌለው ሲስተም ኢንተርኔት መጠቀም አደገኛ ስለመሆኑም ከጸሐፊው ጋር ልዩነት የለኝም። በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በመላው ዓለም ሆስፒታሎችንና ቢሮዎችን ሲያሽመደምድ፣ የተጠቀመበትን ቀዳዳ የሚደፍነው አፕዴት ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር፤ የተጎዱት አፕዴቱን ያልጫኑትና ሊያገኙት የማይችሉት ናቸው።

ከዚህ ተነሥቶ ኮምፒውተሩን ጣሉት ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ያረጀው የሶፍትዌሩ ድጋፍ ነው፤ ብረቱ ምንም አልሆነም። ምሳሌ የሚሆነን የ2012ቱ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ430 ነው፤ ያገለገለ ዕቃ በሚሸጥባቸው ሱቆች ዛሬም የሚገኝ ላፕቶፕ ነው። ሃርድ ዲስኩ በጎኑ በኩል ባለች ትንሽ ክዳን ሥር ተቀምጧል። የክዳኗን አንድ ብሎን ፈትቶ ዲስኩን ስቦ ማውጣትና በቦታው ኤስኤስዲ፣ ማለትም የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ፣ ማስገባት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ራሙ እስከ 16 ጊጋባይት ያድጋል፣ ባትሪው ያለ ብሎን ይነቀላል። ሃርድ ዲስኩ በኤስኤስዲ ሲተካ፣ ለመክፈት ደቂቃዎችን ይፈጅ የነበረ ማሽን በሴኮንዶች ውስጥ ይነሣል፤ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ ያዘገየው የነበረው ፕሮሰሰሩ ሳይሆን የሚሽከረከረው ዲስክ ነው። ጸሐፊው አዲስ ግዙ የሚሏቸው ቀጫጭን ላፕቶፖች ብዙዎቹ ራማቸው ከቦርዱ ጋር የተበየደ፣ ባትሪያቸውም በማጣበቂያ የተያዘ ስለሆነ ይህን ዕድል አይሰጡም። ለቃል ጽሕፈት፣ ለኤክሴል፣ ለቪዲዮ ትምህርትና ለፕሮግራሚንግ ልምምድ የሚያስፈልገውን ሁሉ የሚሠራ ማሽን ቆሻሻ ብሎ መጥራት፣ የልጁን የትምህርት መሣሪያ ለመግዛት ወራት የቆጠበ ወላጅን ማሳሳት ነው። በዓለም ዙሪያ በ2022 ብቻ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ እንደተጠራቀመና ከዚያ ውስጥ በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ እንደዋለ የተመዘገበው ሩብ እንኳ እንዳልሞላ የተባበሩት መንግሥታት ሪፖርት ያሳያል። አገልግሎቱን ያልጨረሰ ላፕቶፕ በዚያ ላይ መጨመር የሚያኮራ አይደለም።

ለእነዚህ ማሽኖች ያለው ቀና መንገድ ሊኑክስ ነውና ወደ ሦስተኛው ነጥብ እንለፍ። ስለዚህ ብዙ የምለው የለኝም፤ የጸሐፊው አስተያየት ከሃያ ዓመት በፊት ቢሆን ያስኬድ ነበር። በየኪሳችን ያለው አንድሮይድ ስልክ ከርነል በሚባለው የሊኑክስ እምብርት ላይ ነው የቆመው፣ ይህን ሳያውቅ በየቀኑ የሚጠቀምበት ሰው ፕሮግራመር አይደለም። ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነውን ሊኑክስ ሚንትን የከፈተ ሰው ሜኑውን፣ ፎልደሩንና ብራውዘሩን በለመደው ቦታ ያገኛቸዋል። አማርኛም ይጻፍበታል፤ አይባስ የተባለውን የጽሕፈት መቀያየሪያ አስተካክሎ የአማርኛውን ድምፅ በላቲን ቁልፎች እየመቱ መጻፍ ይቻላል። ቫልቭ የተባለው የጌም ኩባንያ በ2018 የዊንዶውስ ጌሞችን በሊኑክስ የሚያስኬደውን ፕሮቶንን ካወጣና በ2022 በሊኑክስ የሚሠራውን የእጅ መጫወቻ ስቲም ዴክን ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ደግሞ ለዊንዶውስ የተሠሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ጌሞች በሊኑክስ ላይ ይሠራሉ። በእርግጥ የማይሆንላቸው ሰዎች አሉ። ሥራው ፒችትሪ ላይ የሆነ የሒሳብ ባለሙያ፣ አውቶካድ የሚጠቀም መሐንዲስ፣ ቫሎራንት ወይም ፎርትናይት የሚጫወት ወጣት ዊንዶውስን መተው አይችሉም፤ እነርሱን ሊኑክስ ጫኑ ብዬ አላስቸግራቸውም። ከእነርሱ ውጭ ያለው ብዙ ሰው ግን የሚሠራው በብራውዘርና በቃል ማቀነባበሪያ ነው።

አራተኛው ነጥብ የድሮ ጌሞች ነገር ነው። ጸሐፊው ለእነርሱ መቆርቆር ትዝታ ብቻ ነው ሲሉ፣ ጌሞቹ የትም የማይሄዱ፣ ሲፈለጉ ከመደብር የሚገኙ አድርገው ቆጥረዋቸዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በ2023 የወጣ የቪዲዮ ጌም ሂስትሪ ፋውንዴሽን ጥናት፣ ከ2010 በፊት በአሜሪካ ከወጡት ጌሞች 87 በመቶዎቹ በጥናቱ ጊዜ በገበያ ላይ እንደማይገኙ አሳይቷል። ኒንቴንዶ 3ዲኤስና ዊ ዩ ለተባሉት የጌም መጫወቻዎቹ የከፈታቸውን መደብሮች በማርች 2023 ዘግቷል። በየሰፈራችን ፕሌይስቴሽን ቤት በሰዓት እየከፈለ ያደገ ሁሉ የሚያውቃቸው የእግር ኳስ ጌሞችም ከዚህ ዕጣ አላመለጡም። የፊፋ ጌሞችን የሚሠራው ኢኤ በሴፕቴምበር 2023 አዲሱን ኤፍሲ 24 ሲያወጣ ከፊፋ 14 እስከ ፊፋ 23 ያሉትን ከዲጂታል መደብሮች አንሥቷል። የፔስ ሠሪ ኮናሚም በ2021 ፔስ የሚለውን ስም ትቶ ኦንላይን ላይ ወደተመሠረተው ኢፉትቦል ዞሯል። ነገር ግን ፔስ 2013ን በኮምፒውተሩ ላይ የጫነ ሰው ዛሬም ይጫወተዋል፤ የጌሙ አፍቃሪዎች በየዓመቱ ፓች የሚባል ማሻሻያ ፋይል እየሠሩ የተጫዋቾቹን ዝውውርና ማሊያ ያድሱለታል። ይህን ማድረግ የሚቻለው ፋይሎቹ በተጫዋቹ ዲስክ ላይ ስለሆኑ ነው።

ይህ የመጨረሻው ነገር ከትዝታ እጅግ የሚበልጥ ጉዳይ ነው። ካውንተር ስትራይክ የተባለው ታዋቂ ጌም ሲወለድ በ1999 ሐፍ ላይፍ በተባለው ጌም ላይ በአፍቃሪዎቹ የተሠራ ማሻሻያ ነበር። ዶታ የተባለው ጌምም ዋርክራፍት 3 በተባለ ሌላ ጌም ላይ ተጫዋቾች ከሠሩት ካርታ ነው የተነሣው። ኢድ ሶፍትዌር የተባለው ኩባንያ ዱም የተባለው ጌሙ የተጻፈበትን ምንጭ ኮድ በ1997 በነጻ በመልቀቁ፣ ጌም ከውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ከዚያ የተማረው ሰው ብዛት ስፍር ቁጥር የለውም። ጌሙ ሩቅ ሰርቨር ላይ ተቆልፎ ምስሉ ብቻ ቢላክላቸው ኖሮ ማናቸውም ፋይል ከፍተው ባልነካኩ ነበር። የአገራችን ወጣቶች ጌም ተጫዋች ብቻ ሳይሆኑ ጌም ሠሪ እንዲሆኑ ከተፈለገ፣ ከፍተው የሚያዩት፣ አበላሽተው የሚያስተካክሉት ጌም በእጃቸው ሊኖር ግድ ነው። በርካሽ ላፕቶፕ ላይ የሚከፈቱት ደግሞ ጸሐፊው የናቋቸው የድሮዎቹ ናቸው።

አምስተኛው ነጥብ ከሁሉ የሚያሳስበኝ ነው። ድረ ገጽ ሞቷል፣ ቴሌግራምና ፌስቡክ ሁሉንም ይዘውልናል የሚለው አባባል ኩባንያዎች የያዙትን እንደሚጠብቁ ያስባል፤ ታሪኩ ግን ይህን አይደግፍም። ጂኦሲቲስ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ተራ ሰዎች የራሳቸውን ገጽ የሠሩበት ቦታ ነበር፤ ያሁ በኦክቶበር 2009 ዘጋው። ማይስፔስ የተባለው ማኅበራዊ ድረ ገጽ ከ2016 በፊት የተጫኑበትን ሙዚቃዎች በሰርቨር ዝውውር ወቅት እንዳጠፋ በ2019 አምኗል። ከጂኦሲቲስ ብዙው የተረፈው ያሁ ስላስቀመጠው አይደለም፤ በጎ ፈቃደኞች ከመዘጋቱ በፊት ተሯሩጠው ስለገለበጡት ነው። በእኛም ወገን፣ በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ኢትዮጵያውያን በ2000ዎቹ ፓልቶክ በተባለው የኢንተርኔት የድምፅ መወያያ ክፍሎች ሌሊቱን ሙሉ ያደርጉት የነበረው የፖለቲካ ክርክር፣ ሰው በግሉ ቀድቶ ካስቀመጠው በቀር ድምፁ የለም። የዚያን ዘመን ታሪክ የሚጽፍ ተመራማሪ ነገ ምን ያዳምጣል? የሚረባና የማይረባውን የምንለየው እኛ ዛሬ ሳንሆን ነገ የሚፈልገው ሰው ነው።

በኮምፒውተር የተጻፈው አማርኛ ራሱም ለዚህ ማስረጃ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል፣ ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር ወደሚመድበው ዩኒኮድ ወደተባለው ሥርዓት የገባው በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ ቢሮዎችና ማተሚያ ቤቶች ሲጽፉ የኖሩት ቪዥዋል ግዕዝንና ፓወር ግዕዝን በመሳሰሉ ሶፍትዌሮች ሲሆን፣ እነዚህ ፊደሎቻችንን ለላቲን ፊደላት በተመደቡ ቁጥሮች ላይ ያስቀምጡ ነበር። መሠረታዊዎቹ ብቻ 33 በ7 ተባዝተው 231 ስለሚሆኑና አንድ ፎንት ያኔ የነበረው ቦታ 256 ብቻ ስለነበር፣ ዲቃላ ፊደላቱና አኃዞቹ ሲጨመሩ ቦታው አይበቃም ነበርና እያንዳንዱ ሶፍትዌር የየራሱን ዘዴ ፈጠረ። ዛሬ በዚያ ዘመን የተጻፈ ቃለ ጉባኤ ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የሚታየው የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ክምር ነው። ፋይሉ አልጠፋም፤ የሚነበበው ግን ፎንቱን ያስቀመጠ ወይም ወደ ዩኒኮድ የሚለውጥ መሣሪያ ያለው ሰው ሲገኝ ነው። እነዚያን ፎንቶችና የመጫኛ ዲስኮች «ያረጀ ነገር» ብሎ የጣለ ቢሮ የራሱን መዝገብ ራሱ ቆልፎበታል። ሥራውን ዛሬም ከአሮጌ ኮምፒውተር እየገለበጡ ወደ ዩኒኮድ በመለወጥ ላይ ያሉ ሰዎች አሉ፣ ምስጋና ይገባቸዋል።

ቴሌግራም ላይ የተከማቸው የአማርኛ ዕውቀት እጅግ ብዙ እንደሆነ አልክድም፤ የሕክምና፣ የሕግ፣ የሒሳብ ትምህርት የሚሰጡ ቻናሎችን እኔም እከታተላለሁ። ነገር ግን ቻናሉ የሚኖረው ባለቤቱ እስካልሰረዘው፣ ስልኩም እስካልተጠለፈ ድረስ ብቻ ነው፤ ከሦስት ዓመት በፊት የተለጠፈን ነገር ከጉግል ፈልጎ ማግኘትም ከድረ ገጽ ይልቅ ይከብዳል። ስለዚህ ቻናል ያላችሁ ሰዎች ቴሌግራም ዴስክቶፕን ክፈቱ፤ በቻናሉ ላይ ሦስቷን ነጥብ ስትነኩ የውይይቱን ታሪክ የማውጫ ትእዛዝ ታገኛላችሁ፣ ጽሑፉን፣ ፎቶውንና ሰነዱን በማንኛውም ብራውዘር በሚከፈት ፎልደር አድርጎ ዲስካችሁ ላይ ያስቀምጥላችኋል። ድረ ገጽ ያላችሁ ደግሞ አድራሻውን በኢንተርኔት አርካይቭ ዌይባክ ማሽን ላይ አስመዝግቡት፤ ከ1996 ጀምሮ የኢንተርኔት ገጾችን ሲያስቀምጥ የኖረ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው፣ ክፍያም አይጠይቅም። ጸሐፊው ራሳቸው ለዓመታት የጻፏቸው ጠቃሚ ጽሑፎች አሏቸው፤ በዚህ መንገድ ቢያስቀምጧቸው ደስ ይለኛል፣ በዚህኛው ባንስማማም ሌሎቹ እንዲጠፉ አልፈልግም።